እግር ብቻውን አይመስክር

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2018 ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕክምና ያወጣው መመሪያ፣ የበሽታውን ጉዞ የሚያዘገዩ መድኃኒቶች መቼ መቆም እንዳለባቸው ይዘረዝራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕመምተኛው በዚሁ በሽታ የተነሳ መራመድ ማቆሙና ሁኔታው ከስድስት ወር በላይ መዝለቁ ነው። ሰውዬው በእጁ ይጽፍ ይሆናል፤ ራሱን ያጎርሳል፤ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ደመወዙን ያገኛል፤ ተሽከርካሪ ወንበሩን ራሱ ይነዳል። ያ አንቀጽ ግን የሚያውቀው እግሩን ብቻ ነው። እንግሊዝን በምሳሌነት ያነሳሁት ስለከፋች አይደለም፤ መስፈርቷን በጽሑፍ አስፍራ ለሁሉም ያሳየች አገር በመሆኗ ለመከራከር ስለምትመች ነው። የማያሻማ ሐሳብ አለኝ፦ የሰውን አካል የምንለካው መድኃኒት ይገባዋል ወይስ አይገባውም ለማለት ከሆነ እጁንም፣ አቅሙንም፣ የራሱንም ቃል ከእግሩ እኩል መለካት አለብን። ዛሬ ያለው አለካክ ሁሉንም በአንድ ቁና መስፈር ነው፤ ቁናውም ርምጃ ነው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት ከበሽታው መጀመር ይሻላል። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ፣ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት በገዛ ወገኑ ላይ ሲዞር የሚመጣ ሕመም ነው። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ የነርቭ ክሮች ማየሊን የሚባል ስብ ያለው ሽፋን አላቸው፤ መልእክት በክሩ ላይ በፍጥነት የሚያልፈው በዚህ ሽፋን ምክንያት ነው። ሽፋኑ እዚህም እዚያም ሲቆስል መልእክቱ ይዘገያል፣ ይዛባል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም። ቁስሉ እየቆየ ሲሄድ ክሩ ራሱ ይሞታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ በ1868 በሽታውን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ከገለጸው ወዲህ ብዙ ተምረናል። ዓለም አቀፉ የኤም ኤስ ፌዴሬሽን በ2020 ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ ቢያንስ እጥፍ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ሰው ሥራ በሚይዝበትና ልጅ በሚያሳድግበት ዘመን ነው። ቁስሉ የት እንደሚያርፍ ስለማይታወቅ የአንዱ ዓይን ይደበዝዛል፣ የሌላው ሽንት አልያዝ ይላል፣ የሌላው እግር ይከብዳል፤ ሁለት ሕመምተኞች አይመሳሰሉም። ያም ሆኖ አንድ የተለመደ ቅደም ተከተል አለ። ወደ እግር የሚወርደው የነርቭ መንገድ ኅብለ ሰረሰርን ርቆ ስለሚጓዝ በመንገዱ ላይ ቁስል የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። የእጅ መንገድ ግን አንገት አካባቢ ይወጣል። ለንደን የሚሠራው የነርቭ ሐኪም ጋቪን ጆቫኖኒና ባልደረቦቹ በ2017 ባቀረቡት መላ ምት፣ እግር ቀድሞ የሚዝለው በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል፣ እግሩ በከዳው ሰው አካል ውስጥም ገና ሊድን የሚችል ሌላ የነርቭ መንገድ መኖሩን አስረድተዋል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል ከሆነ መራመድ የተሳነው ሰው መድኃኒቱ የሚወሰድበት፣ እጁ ገና ሊጠበቅ በሚችልበት ሰዓት ነው።

በዓለም ዙሪያ የኤም ኤስ ሐኪሞች የሚግባቡበት መለኪያ የአሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም የጆን ከርትስኪ ሥራ ነው። ከርትስኪ የመጀመሪያውን ቅጂ በ1955 አቀረበ፤ በ1983 ደግሞ አስፋፍቶ ዛሬ ኢ ዲ ኤስ ኤስ የሚባለውን አወጣ። መለኪያው ከ0 እስከ 10 ይሄዳል፤ 0 ምንም ጉድለት የሌለበት ምርመራ ነው፣ 10 በበሽታው መሞት ነው። በታችኛዎቹ ነጥቦች ሐኪሙ ዓይንን፣ ጡንቻን፣ ሚዛንን፣ ስሜትን፣ ሽንትና ዓይነ ምድርን፣ አእምሮን ለየብቻ እየመረመረ ያሰላል። ከ4 በላይ ግን ጉዳዩ ወደ ሜትር ይለወጣል። ያለ ድጋፍና ያለ እረፍት 500 ሜትር የሚሄድ 4፣ 200 ሜትር የሚሄድ 5፣ 100 ሜትር የሚሄድ 5.5 ነው። 100 ሜትር ለመሄድ ከዘራ ያስፈለገው 6 ይሆናል፤ በሁለት ወገን ተደግፎ 20 ሜትር የሚሄደው 6.5፤ ተደግፎም ከ5 ሜትር በላይ የማይሄደው 7። እጅ በግልጽ ስሙ የሚነሳው 8 ላይ ነው፤ ሰውዬው አልጋና ወንበር ላይ ከዋለ በኋላ። አንድ መለኪያ ስለ እጅ ለመጠየቅ ይህን ያህል ዘመን ከጠበቀ በመካከል ያለውን ጉዳት አላየም ማለት ነው።

ከርትስኪን ለመንቀፍ አይደለም። በዘመኑ የኤም ኤስን ጉዞ የሚያስቆም መድኃኒት አልነበረም፤ እሱ ያደረገው እያንዳንዱ ሐኪም በየራሱ ቋንቋ ሲጽፈው የኖረውን ነገር ወደ አንድ ቁጥር ማምጣት ነው፤ ትልቅ ሥራ ነበር። ችግሩ የመጣው ቁጥሩ ከተሠራበት ዓላማ በላይ ሲሸከም ነው። ነጥቦቹ ደረጃን ያሳያሉ እንጂ መጠንን አይናገሩም። ከ2 ወደ 3 የሄደችና ከ6 ወደ 7 የሄደች ሴት ሁለቱም "በአንድ ነጥብ ባሱ" ይባላሉ፤ የመጀመሪያዋ ግን ለውጡን ላታውቀው ትችላለች፣ የሁለተኛዋ ኑሮ ተገልብጧል። እንዲህ ያሉ ነጥቦችን ደምሮ ማካፈል በሒሳብ ረገድ አያስኬድም፤ ሆኖም በጥናት ወረቀቶች ላይ አማካያቸው ሲቀመጥ እናያለን። ደግሞም ብዙ ሰው 6 እና 6.5 ላይ ለረጅም ዓመታት ይቆያል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ እጅ ይዳከማል፣ ማሰብ ይዘገያል፣ ድካም ይበረታል፤ ቁጥሩ ግን አይንቀሳቀስም። በ2002 ብሪታንያ የጀመረችው የመድኃኒት ዋጋ ስምምነት ደግሞ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሕመምተኞችን በዚሁ መለኪያ እየተከታተለ፣ ውጤቱ ከተጠበቀው በታች ከሆነ የመድኃኒቱ ዋጋ እንዲቀንስ የሚያስገድድ ነበር። የከዘራና የሜትር ነጥብ በዚህ መንገድ የገበያ ዋጋ ወሳኝ ሆነ።

ከርትስኪ ያልሸፈነውን ለመሸፈን ሌሎች ልኬቶች ተሠርተዋል፤ ጥሩዎች ናቸው፣ የየራሳቸው ዕውር ቦታም አላቸው። በጣም የተለመደው 25 ጫማን፣ ማለትም 7.62 ሜትርን፣ ሰው በሚችለው ፍጥነት ግን በጥንቃቄ እንዲሄድ አድርጎ በሰከንድ መለካት ነው፤ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ አማካዩ ይያዛል። በአሜሪካ በተሠራ ጥናት ይህን ርቀት ለመጨረስ ከ6 ሰከንድ በላይ የሚወስድባቸው ሰዎች በሥራቸው ላይ ለውጥ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሆነው ሲገኙ፣ ከ8 ሰከንድ በላይ የሚወስድባቸው ደግሞ የቤት ውስጥ ሥራቸውን ለብቻቸው መወጣት ያቃታቸው ሆነው ተገኝተዋል። ሁለት ሰከንድ እንዲህ ያለ የኑሮ ልዩነት ማሳየቱ የሚደንቅ ነው። በተግባር 20 በመቶ መዘግየት እውነተኛ ለውጥ ተደርጎ ይቆጠራል። ግን ስምንት ሰከንድ የሚፈጅ ፈተና ድካምን አያሳይም። ብዙ የኤም ኤስ ሕመምተኞች የመጀመሪያዎቹን ርምጃዎች ደህና አድርገው ይሄዱና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እግራቸው መጎተት ይጀምራል፤ ይህን የሚያወጣው ስድስት ደቂቃ ወይም ሁለት ደቂቃ የሚያስኬደው ፈተና ነው። መውደቅን ደግሞ ሁለቱም በቀጥታ አያሳዩም። በሦስት ወር ክትትል ውስጥ ከኤም ኤስ ሕመምተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወድቀው መገኘታቸው በጥናት ተረጋግጧል፤ ከወንበር ተነስቶ ሦስት ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መቀመጥን የሚለካው ፈተና ወደዚህ ይቀርባል። ሌላም ነገር አለ፦ ሙቀት። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ በ1890 ከአካል እንቅስቃሴ በኋላ የሚመጣ የዓይን መደብዘዝን ገለጸ፤ በኋላ እንደታወቀው ሰውነት ሲሞቅ የተጎዳ ነርቭ ይበልጥ ይሰንፋል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ጠዋት የተለካውን ሰው በሌላ ቀን ቀትር ላይ ለክቶ "በሽታው ጸናብህ" ማለት ሙቀትን ከበሽታ ማምታታት ነው። ሰዓቱ፣ ጫማው፣ ከዘራው ሳይቀር አንድ ዓይነት ካልሆነ ሁለት ልኬት አይወዳደርም፤ ይህ ቀላል ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን አይጻፍም።

ወደ እጅ እንምጣ። ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሰሌዳና ዘጠኝ ትንንሽ እንጨት ይቀርባል፤ ሕመምተኛው አንድ በአንድ ይሰካቸዋል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይነቅላቸዋል፤ በእያንዳንዱ እጅ ሁለት ሁለት ጊዜ። ሰዓት ይያዛል፤ አለቀ። ይህ ቀላል መሣሪያ ምን ሊያሳይ እንደሚችል የታየው አሴንድ በተባለው ሙከራ ነው። ሙከራው ናታሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት ኤም ኤሳቸው ወደ ተከታታይ መባባስ የተሸጋገረ 889 ሰዎች ላይ ፈትኖ ውጤቱን በ2018 አወጣ። ዋናው መስፈርት የከርትስኪ ነጥብ፣ የ25 ጫማ ርምጃና የዘጠኝ ጉድጓዱ ፈተና በአንድነት ነበሩ። በዚያ ጥምር መስፈርት መድኃኒቱ ወደቀ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 44 በመቶ፣ ፕላሲቦ የተባለውን ማስመሰያ ከወሰዱት 48 በመቶ ባሱ፤ ልዩነቱ ለማሳመን በቂ አልነበረም። እጅ ለብቻው ሲታይ ግን መድኃኒት ከወሰዱት 15 በመቶ፣ ፕላሲቦ ከወሰዱት 23 በመቶ ብሰው ተገኙ። በእግር ላይ ይህን የሚመስል ልዩነት አልታየም። ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ ይቃወማል፤ ይገባዋልም። ዋናው ጥያቄ ከከሸፈ በኋላ ከክፍልፋዮቹ ያማረውን መርጦ "ሠርቷል" ማለት በምርምር ሕግ የተከለከለ ያህል ነው። እኔም ናታሊዙማብ ለዚህ ደረጃ ይሰጥ አላልኩም። የምለው ይህን ነው፦ የእጁ ፈተና በዚያ ሙከራ ውስጥ ባይኖር ኖሮ እግርና እጅ ለመድኃኒት የተለያየ ምላሽ ሊሰጡ ይችላሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ የሚያስነሳ ቁጥር አይኖረንም ነበር። ያልተለካ ነገር ተሻለም ባሰም አይባልም።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሕመምተኞቹ ከራሳቸው ነው። በጀርመን ተካሂዶ በ2008 በታተመ ጥናት የኤም ኤስ ሕመምተኞች ከአካል ተግባራት ሁሉ ይበልጥ የምትሳሱለት የትኛው ነው ተብለው ሲጠየቁ መራመድን በመጀመሪያ፣ ማየትን በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጠዋል፤ በሽታው በቅርብ የጀመራቸውም፣ ብዙ ዓመት የቆየባቸውም። ታዲያ ሐኪሞች ሰዎቹ የሚመኙትን ነገር መለካታቸው ምን ጥፋት አለው? ጥፋት የለውም፤ መራመድ ይለካ። ነገር ግን ከሁሉ የምትወደው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄና እሱን ካጣህ በኋላ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም የሚለው ፍርድ የተለያዩ ናቸው። ከጥናቱ የመጀመሪያውን እንማራለን፤ በመመሪያው ላይ የሰፈረው ሁለተኛው ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ላለች ሴት የእጅ ጥንካሬ ከወንበር ወደ አልጋ ለመሸጋገር፣ ልብሷን ለመቆለፍ፣ ልጇን ለማጉረስ፣ ስልክ ለማንሳት፣ ሽንት ቤት ለብቻዋ ለመግባት የቀራት መንገድ ነው። እጅ እግርን ተከትሎ ሲዝል ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ወይ ደመወዝ ይፈልጋል ወይ የራሱን ሥራ ይተዋል። መድኃኒት በማቋረጥ የዳነ የሚመስለው ገንዘብ በሌላ በር እንደሚወጣ በሒሳቡ ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ሕመምተኛው ቃል ነው፦ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ያጋንናል፣ ይረሳል፣ ተስፋ ሲቆርጥ ሁሉን ያጨልማል፤ ሰዓት ግን አይዋሽም ይላሉ። በእርግጥ ማዘንና ድባቴ የራስን ምዘና እንደሚያጠቁር የታወቀ ነው። ሆኖም ፋምፕሪዲን የተባለው መድኃኒት ታሪክ ሰዓቱ ራሱ ያለ ሰው ቃል ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያሳያል። በ2009 የታተመው ሙከራ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 35 በመቶ ያህሉ በ25 ጫማው ፈተና ላይ በተከታታይ ሲፈጥኑ ፕላሲቦ ከወሰዱት ግን 8 በመቶ ብቻ እንደፈጠኑ አሳየ። ግን በሰባት ሜትር ተኩል ላይ ትንሽ መፍጠን ለሰው ኑሮ ምን ይጠቅማል? ለዚህ የተገኘው ማስረጃ በእንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም በጄረሚ ሆባርት መሪነት በ2003 ከወጣው ባለ አሥራ ሁለት ጥያቄ መጠይቅ የመጣ ነው፤ በሰዓት የፈጠኑት ሰዎች በራሳቸው አንደበትም መራመድ እንደቀለላቸው ተናገሩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2010 መጀመሪያ መድኃኒቱን ሲፈቅድ የሰከንዱ ቁጥር ትርጉም ያገኘው ከሰዎቹ መልስ ጋር ተቀናጅቶ ነው። መጠይቅና ሰዓት አንዱ ሌላውን ይፈትሻል። ሲለያዩ ደግሞ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው፦ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ በደንብ የሚሄድ ሰው ቤቱ ውስጥ ግን አልጋ ላይ ከዋለ፣ ሐኪሙ ድካምን፣ ሕመምን፣ ፍርሃትን፣ የመኖሪያውን ደረጃ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ የበጀት ሰው ተቃውሞ ነው፤ በጣም የማከብረውም እሱን ነው። መድኃኒቶቹ ውድ ናቸው፣ ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ መስመር መሰመር አለበት። የከርትስኪ ነጥብ ደግሞ የአሥርት ዓመታት መረጃ ከጀርባው አለው፤ የትናንቱን ሙከራ ከዛሬው ጋር የሚያነጻጽረው እሱ ነው። ይህን ክር መበጠስ ጉዳት ነው። መልሴ መበጠስ አያስፈልግም የሚል ነው። ነጥቡ ይመዝገብ፤ ከጎኑ የሁለቱ እጆች ሰከንድና የሕመምተኛው መጠይቅ ይጻፉ፤ ውሳኔውም ከሦስቱ በአንዱ ብቻ አይሁን። መስመርም ይሰመር፣ ግን ማስረጃው ወዳለበት ይሰመር። እዚህ ላይ አንድ የተጠማዘዘ ነገር አለ። መራመድ ለተሳናቸው ሰዎች መድኃኒቱ እንደሚሠራ ማስረጃ የለም ሲባል ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ማስረጃ የሌለው ግን ሙከራዎቹ እነሱን ስላላስገቡ ነው። ኦክሬሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ከጅምሩ እየተባባሰ ለሚሄደው የኤም ኤስ ዓይነት እንዲፈቀድ ያደረገው ኦራቶሪዮ የተባለ ሙከራ ከ3 እስከ 6.5 ነጥብ ያላቸውን ብቻ ነበር የተቀበለው፤ አሴንድም እንዲሁ። በር ዘግቶ ማንም አልገባም ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኤም ኤስ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ጋር ሲነጻጸር በጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው፤ ኤም አር አይ ከዋና ከተማው ርቆ ለሚኖር ሰው እንደልብ ስለማይገኝ ሳይታወቅ የሚቀረውም ቀላል አይሆንም። ነገር ግን ይህ ክርክር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ለሌላ የነርቭ በሽታ ከተመለሰ ቆይቷል። በ1965 አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው የሥጋ ደዌ ማዕከል በአለርትም ሆነ በሌላው ዓለም የሥጋ ደዌ ሕክምና ጉዳት ሲመዘን ዓይን፣ እጅና እግር ለየብቻቸው፣ ቀኝና ግራ ተለይተው ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2፣ ድምሩ እስከ 12። በዚህ አሠራር እግሩ የተጎዳ ሰው እጁ ሳይታይ አይሸኝም። ኤም ኤስ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር፣ የሥጋ ደዌ የውጭኛው ነርቭ በሽታ ናቸው፤ አመዛዘኑ ግን የሚያስተምረው አንድ ነው። መሣሪያውም ቢሆን አያስቸግርም። 7.62 ሜትር የተለካበት ኮሪደር፣ የእጅ ሰዓት፣ አናጺ ሊሠራው የሚችል ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሰሌዳ፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በጥንቃቄ የተዘጋጀ መጠይቅ፣ ውጤቱን በየስድስት ወሩ የሚጽፍ ፊዚዮቴራፒስት። ኤም አር አይ የሌለበት ሆስፒታል እንኳ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ስትሮክ ለመታው ሰውም ይጠቅማል።

ለንደን ውስጥ ክዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ቻሪዮት ኤም ኤስ የተባለ ሙከራ ክላድሪቢን የተባለውን መድኃኒት ለመፈተን የጋበዘው ከ6.5 እስከ 8.5 ነጥብ ያላቸውን ሰዎች ነው፤ በከርትስኪ መለኪያ አብዛኞቹ ከመስመሩ ማዶ ያሉ ናቸው። ዋናው መስፈርቱ የዘጠኝ ጉድጓዱ ፈተና ነው። መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል፤ ያኔ የበጀቱ ሰው ለእምቢታው ማስረጃ ይኖረዋል። ከሠራ ደግሞ ለስድስት ወር አልተራመደም ተብሎ መድኃኒቱ የተወሰደበት ሰው ሐኪሙን የእጄን ልኬት አሳየኝ ሊለው ይችላል፤ ሐኪሙም በመዝገቡ ውስጥ ያን ቁጥር ማግኘት ይኖርበታል።